ፍሪጅ ውስጥ ያደሩት እጆች

ይህን ነገር ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "ውሸትሽን ነው" ይለኛል። መዋሸት ብፈልግ እኔን የሚያስከብር ውሸት አላጣም ነበር። ይህ ግን መተማ ዮሐንስ፣ እኛ ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው። ያለቀሰውም ንፍሮ የበላውም ሰው ዛሬም እዚያው አለ፤ መጥታችሁ ጠይቁ።

ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ፣ ሐጅ ኢድሪስ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የማነሳና የስልክ ቻርጀር የምሸጥ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚጨንቀኝ ሴት ነበርኩ። ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚያልፍ መኪና ሁሉ ይዞኝ እንዲሄድ እመኝ ነበር፤ የት እንደሚሄድ ግድ አልነበረኝም። ስሜ ትርንጎ ነው። ወንድሜ ደጀኔ ደግሞ ልጁን ሎሚ ብሎ ስም አወጣላት። ጎረቤት "እናንተ ቤት የሚወለደው ሰው ነው ፍራፍሬ?" እያለ ይስቅብናል።

ሎሚ ሁለቱም እጆቿ የሉም። ኮኪት በሚባል ቦታ፣ አባቷ ትራክተር የሚነዳበት እርሻ ላይ፣ ገና ሕፃን ሳለች፣ የማሽላ መውቂያ ማሽን ከክርኗ በታች ወሰደባት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። እናቷና ወንድሜ ከተለያዩ ቆይተዋል፤ እናቷ ሳንጃ ሌላ ትዳር አላት። ሎሚን ያሳደግናት እኔና እናቴ ነን። እናቴን ሰፈሩ ሁሉ እናና ነው የሚላት። ሎሚ በእግሯ ጣት እርሳስ ይዛ ትጽፋለች፤ ስትናደድ በዚያው እግር ትማታለች።

ጎንደር ያለች ዶክተር ሄለን የምትባል ሐኪም ናት ነገሩን የጀመረችው። ውጭ አገር እጅ ላጡ ልጆች የሌላ ልጅ እጅ የሚተክሉ ሐኪሞች እንዳሉና ሎሚን ሊያዩአት ፈቃደኛ እንደሆኑ ነገረችን። ሎሚን ጎንደር ወሰድኳትና ክብ ማሽን ውስጥ አስገብተው ክንዷን ከየአቅጣጫው አነሱት። ምስሉ ውጭ ተላከ። እነሱም ኮምፒውተር ውስጥ ክንዷን አጥንት በአጥንት፣ ደም ሥር በደም ሥር ገነቡትና ጫፉ ላይ የሚመጥናትን እጅ ገጠሙበት። ከዚያ አተሙት። ማተም ስል ወረቀት አይደለም፤ ማሽኑ የቀለጠ ፕላስቲክ በስሱ እየደራረበ የሚጨበጥ ነገር ያወጣል። ሐኪሞቹ የልጅ አጥንት ላይ መጋዝ ከማሳረፋቸው በፊት ፕላስቲኩን ይቆርጣሉ፣ ይገጥማሉ፣ ቢሳሳቱም እሱ ላይ ይሳሳታሉ። ዶክተር ሄለን እንዳስረዳችኝ የልጅ አጥንት የሚያድግበት ጫፍ አለው፤ ያ ጫፍ ከተነካ እጁ የልጅ እጅ ሆኖ ይቀራል።

የቀረው የደጀኔ እሺታ ብቻ ነበር። ሎሚ ተጠባባቂ ሆና እንድትያዝ አባቷ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለበት። ሰኞ ካለፈ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ደጀኔ ደግሞ በስልክ "እስኪ ላስብበት" ከማለት አልወጣም። ዶክተር ሄለን ይህን ስታይ የታተመውን እጅ አንድ ቅጂ ልላክላችሁ፣ አባቷ አይቶ ነክቶ ገብቶት ይወስን አለችኝ። ደጀኔም ቅዳሜ ከኮኪት እመጣለሁ አለ።

እኔ በበኩሌ ቤት ውስጥ ነገሩን ሳላለዝብ ነበር ያስረዳሁት። እጁ የሚመጣው ከሞተ ልጅ ነው፣ ሰውነቷ እንግዳ ነው ብሎ እንዳይጥለው ሎሚ ዕድሜ ልኳን መድኃኒት ትውጣለች፣ አለቀ። እናና ስለ መድኃኒቱ ምንም አልጠየቀችም። "የማን ልጅ?" አለች። አይታወቅም፣ አይነገርም አልኳት። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ነበር የሰነበተችው። ዝምታዋን እሺታ ነው ብዬ ተኛሁበት።

ቅዳሜ ዕለት ኔትወርክ የለም። ይህ እኛ አገር ዜና አይደለም። ረፋድ ላይ ከጎንደር የመጣው ሚኒባስ እቤታችን በር ድረስ ገብቶ ቆመና ረዳቱ ካርቶን ታቅፎ ወረደ። ታቅፎ ስላችሁ፣ ልክ ክርስትና እንደሚወስዱት ሕፃን። መንገድ ላይ ኬላ ፈታሾች ካርቶኑን ከፍተው ሁለት የልጅ እጅ ተጋድሞ አይተው፣ አንዱ አማትቦ፣ አንዱ "አስተግፊሩላህ" ብሎ፣ መታወቂያ እንኳን ሳይጠይቁ አሳልፈዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተጓዘው። ረዳቱ ከመናኸሪያ እስከ እኛ ቤት ባለው መንገድ ለባጃጅ ነጂው፣ ለሰሊጥ ጫኙ፣ ለሻይ ሻጯ "የሎሚ እጅ መጣ" እያለ ነው የደረሰው።

ካርቶኑን ስከፍት ግቢው ሞልቷል። እውነቱን ለመናገር እኔም ደንግጫለሁ። ቀለሙ የሎሚ ቆዳ ነው። ሲነኩት ይለሰልሳል፤ ጥፍር አለው፤ መዳፉ ላይ መስመር አለው። "ፕላስቲክ ነው፤ በማሽን የተሠራ ነው" አልኩ።

"ፕላስቲክ ጥፍር ምን ያደርግለታል?" አለች እናና።

ከእጁ ጎን መጋጠሚያ መስመር አየሁና እንዲያምኑኝ ብዬ ለቀቅ አድርጌ እንደ ባቄላ ፈለቀቅኩት። ውስጡ ነጭ አጥንት፣ ቀይና ሰማያዊ ደም ሥር ተዘርግቶ አለ። ለካ ሐኪሞቹ ለትምህርት ብለው ውስጡንም ሠርተውታል። የዚያን ጊዜ የተነሳውን ጩኸት ገላባት ያሉትም ሳይሰሙት አልቀሩም። አንዷ ጎረቤታችን ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች። ሐጅ ኢድሪስ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ እያፈገፈጉ፣ "ትርንጎ ልጄ፣ ዝጊው። ኸላስ፣ በቃ። አምነናል፣ ዝጊው" አሉኝ።

ያመኑት እኔ ያልኩትን አልነበረም።

ሐጅ ኢድሪስ አለቃዬ ብቻ አይደሉም፤ የሰፈራችን እድር ዳኛም ናቸው። እድራችን እስላም ክርስቲያን አይልም፤ ሁሉም ይገባበታል። መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ሙቀቱ ነው። በመተማ ሙቀት ሥጋ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሁሉም ሰው ያውቃል። ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሱቃቸው የነበረውን የለስላሳ ፍሪጅ አስከፈቱ፤ ጠርሙሱን ከላይኛው መደርደሪያ አስወጡና ካርቶኑን ራሳቸው "ቢስሚላህ" ብለው አስገቡ። ከዚያ ጀምሮ ለስላሳ ሊገዛ የመጣ ሁሉ በመስታወቱ እያየ ያለ ለስላሳ ይመለሳል።

እናና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። የተናገረችው ቃል በቃል ይኸው ነው። "ያ ልጅ ሞቷል። እጁን ለእኛ ልኮ ሞቷል። እናቱ የትም ትሁን፣ እኛ ቤት ግን ሳይለቀስለት እጁ አይገጠምም። ሌባ አይደለንም።"

ክርክሩ የተጀመረው ያኔ ነው። የእድሩ ደንብ ድንኳን የሚጣለው ለአባልና ለአባል ቤተሰብ ነው ይላል። ሟቹ አባል አይደለም፤ አገሩም አይታወቅም። አንዱ ሰው፣ እጁ የሎሚ ከሆነ ባለ እጁ ለሎሚ ምኗ ነው ብሎ ጠየቀ። ወንድሟ ነው ተባለ። ሴት ብትሆንስ ተባለ። ካርቶኑ እንደገና ከፍሪጅ ወጥቶ ጣቶቹ ታዩ፤ ግማሹ የወንድ ነው አለ፣ ግማሹ የሴት። አንድ ሽማግሌ፣ ሟቹ እስላም ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት ብለው ተነሱ። የሚቀበረው ምኑ ነው፣ ያለን እጁ ብቻ ነው፣ እጁ ደግሞ ለሎሚ ይፈለጋል ተባለ። ክርስቲያን ከሆነስ ማን ይፍታው? በመጨረሻ ሐጅ ኢድሪስ ፈረዱ። ልጅ ነው፣ የልጅ ሃይማኖቱን አላህ ያውቃል፤ እጁ በሎሚ በኩል ቤተሰብ ያደርገዋል፤ ድንኳኑ ይጣል።

እኔ በየመሀሉ ፕላስቲክ ነው እያልኩ እጮሃለሁ። የሚሰማኝ የለም። ጭራሽ ሐዘን አደንዝዟት ነው ብለው ሁለት ሴቶች ክንድና ክንዴን ይዘው ውኃ አጠጡኝ።

ድንኳን ደግሞ አንዴ ከተጣለ የራሱ ሥራ አለው። ለማን እንደተጣለ ሳይጠይቅ የሚገባ ሰው አያጣም። ከሰሊጥ አጨዳ የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ መንገድ ላይ ድንኳን አይተው ሰው ሞቶ አይታለፍም ብለው ማጭዳቸውን ደጅ አስቀምጠው ገቡ። ከመሀላቸው ይበልጣል የሚባል ጎጃሜ አልቃሽ ነበር። የሟቹን ስም ጠየቀ፤ አይታወቅም። የአባቱን ስም ጠየቀ፤ አይታወቅም። ጀግና ነበር ወይስ ገበሬ? ልጅ ነው። ታዲያ ምኑን አውቃችሁ ነው የምታለቅሱት ሲል፣ ፍሪጁን አሳዩት። በመስታወቱ ትንሽ አየና ተመልሶ መጥቶ እንዲህ አወረደው፦

እጅህ መተማ ነው፣ ገላህ የት አደረ፣
ስምህን ሳናውቀው አገር ተሸበረ።

ያን ጊዜ የማያለቅስ ሰው አልቀረም። አልዋሻችሁም፤ እኔም አለቀስኩ። ፕላስቲክ መሆኑን እያወቅኩ፣ እየተናደድኩ አለቀስኩ።

ሎሚስ? ሎሚ ንፍሮ የተሞላ ኩባያ በሁለት ክንዷ መሀል አጣብቃ፣ ሽምብራ እየለቀመች በአፏ ትበላ ነበር። ልጆች ሲሰበሰቡባት "የእኔ ነው" እያለች ፍሪጁን ታሳያለች።

ደጀኔ የመጣው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ማሽላ በጫነ መኪና ላይ ነው። ኔትወርክ ስለሌለ የነገረው የለም። በሩ ላይ ድንኳን አየ። እናቱ ነጠላ አዘቅዝቃ አየ። መኪናው ሳይቆም ነው የዘለለው። ባርኔጣውን ወርውሮ መሬት ላይ ተደፋና "ልጄን፣ ልጄን" እያለ አፈሩን መታ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ በመጨረሻ እውነተኛ አባት አገኘ። ይበልጣል የሟቹ አባት ከባሕር ማዶ የደረሰ መስሎት ሙሾውን ከፍ አደረገ፤ ሴቶቹም አብረው አነሱት። ወንድሜን ላነሳው ብሮጥ ሰው አላሳልፍ አለኝ።

ሎሚ በሰዉ እግር መሀል ሾልካ ደረሰች። አፏ ሙሉ ንፍሮ ነው። ከፊቱ ቁጢጥ አለችና "አባ፣ የሞትኩት እኔ አይደለሁም" አለችው።

ደጀኔ ቀና ብሎ አያት። አፈር በፊቱ ላይ በእንባ ጭቃ ሆኗል። ፊቷን ዳሰሰው፣ ጆሮዋን ዳሰሰው፣ ክንዷን እስከ ጫፉ ዳሰሰው። ከዚያ አንገቷ ሥር ገብቶ የሚያወጣው ድምፅ ለቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አቃተኝ። ይበልጣል "አባትየው አይደለም እንዴ?" ብሎ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ።

ሲረጋጋ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን ከፍሪጅ ላምጣልህ፣ ፕላስቲክ መሆኑን አንተ እንኳ ታየዋለህ አልኩት። ጨርሶ ሊያየው አልፈለገም። ፕላስቲክ መሆኑን አምኖኛል፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር።

"ከመኪና ስወርድ የሆንኩትን አይተሻል?" አለኝ።

አይቻለሁ አልኩ።

"ሌላ አባት እንደዚያ እስኪሆን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ነው የምትይኝ? ስልክ እስኪደወልልኝ? አልችልም ትርንጎ። ለዶክተሯ አልችልም በያት።"

ተናደድኩ። ያ ልጅ የሚሞተው አንተ እሺ ስላልክ አይደለም፣ አንተ እምቢ ስላልክም አይድንም አልኩት። ልጅህ ጸጉሯን ራሷ እንድታበጥር አትፈልግም? ዕድሜዋን ሙሉ እኔ ሽንት ቤት ላስገባት? ሰው ፊት ነው ያልኩት፤ ሎሚም ሰምታኛለች። ደጀኔ ግን ሄዶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። አያችሁ፣ ለማያውቀው ልጅ ለቅሶ ተቀመጠ።

እሑድ ጠዋት ኔትወርክ መጣ። የመጀመሪያው ጥሪ የዶክተር ሄለን ነበር፤ ዕቃው ደረሰ ወይ ብላ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድንኳኑ መሀል አስቀመጥኩት። ደርሷል፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው አልኳት። ለምን ፍሪጅ ውስጥ ስትል ሁሉንም ተረክኩላት። ከልቧ ሳቀች።

ሐጅ ኢድሪስ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "ዶክተር፣ እኔ የእድሩ ዳኛ ነኝ። ሟቹን ለማወቅ ፈልገን ነው። ወንድ ነው ሴት?"

"ሟች የለም አባቴ" አለች። "ማንም አልሞተም። እጁ ፕላስቲክ ነው፤ ትርንጎ የነገረቻችሁ እውነቷን ነው። የሎሚን አባት እሺታ ነው የምንጠብቀው። ከዚያ በኋላ ምናልባት አንድ ቀን፣ በአደጋ ወይም በሕመም የሞተ፣ እጁ የሚመጥናት ልጅ ከተገኘና ቤተሰቡ ከፈቀደ ነው የሚሆነው። ያ ልጅ ዛሬ ደህና ይሆናል። ኳስ እየተጫወተም ይሆናል።"

እናና ቀስ ብላ ተነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል። "በቁሙ አለቀስንበት" አለች። "እየተጫወተ ያለ ልጅ ላይ ድንኳን ጣልንበት። አሟረትንበት።"

እንደዚያ ዓይነት ድንጋጤ ሰው ሲሞትም አላየሁም። ትናንት በለቅሶው የበለጠ የጮኸ ዛሬ የበለጠ ፈራ። ይበልጣልን ከማደሪያው አስጠሩት፤ ሙሾህን መልስ ተባለ። ሙሾ የሚመለስበት መንገድ የለም፣ እኔ ንገሩኝ ብዬ ስጠይቅ እናንተ ናችሁ ሞቷል ያላችሁኝ ብሎ ተከራከረ። የእድሩ ደንብ ድንኳን ስለ መጣል እንጂ የተለቀሰበትን ሰው ከለቅሶ ስለ ማውጣት የሚለው ነገር የለም። ሐጅ ኢድሪስ መጨረሻ ላይ ድንኳኑ ባለበት ይቆይ፣ ትናንት ያለቀስንበት ቦታ ላይ ዛሬ እንለምንለት አሉ። እሳቸው ዱዓ አደረጉ፤ አንድ ቄስ ተጠርተው ደገሙ። ስልኩ አልተዘጋም፤ ዶክተሯም እየሰማች ነው።

የመጨረሻውን ምርቃት እናና ወሰደች። ያ ልጅ ክፉ አይንካው፣ ወንድ ይሁን ሴት አድጎ ይዳር፣ በእጁ እናቱን ይጡር፣ በእጁ ልጁን ይቀፍ አለች። ሰው ሁሉ በየዐረፍተ ነገሩ አሜን ይላል። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ግን ቀጭን ድምፅ ነበር። ሎሚ ሁለት ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ አሜን ትላለች።

ደጀኔ አያት። ጠጋ ብሎ፣ የተጸለየው እኮ ያ ልጅ እንዲኖር ነው፣ እሱ ከኖረ እጁ ለአንቺ አይመጣም፣ ገብቶሻል ወይ አላት።

"ገብቶኛል" አለች። "እሱ ይኑር። መኖር ካልሆነለት ግን ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእኔ ይስጠኝ።"

ደጀኔ ስልኩን አነሳና "ዶክተር፣ ልጅቷ የምትለውን ሰምተሻል። እኔም ይኸው ነው የምለው። ያዟት" አለ።

እጆቹ ከፍሪጅ ወጡ። ድንኳኑ ፈረሰ። ሐጅ ኢድሪስ ያን ፍሪጅ ሰው እንዳይጠየፈው ብለው በሳሙና አሳጥበው ቀለም አስቀቡት፤ ቢሆንም አንዳንድ ሰው አሁንም ከሌላ ሱቅ ነው ለስላሳ የሚገዛው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምን ተለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል። መተማን ጥዬ አልሄድኩም፤ ልሄድም እችላለሁ፣ አፌም እንደ ነበረ ነው። ግን ያኔ የምጠብቀውን ሁሉ ነገ ይሁን፣ አሁን ይሁን እያልኩ ነበር የምኖረው። አሁን ቤታችን የሚጠበቅ ነገር አለ፤ እኛም እንዳይመጣ እየጸለይን እንጠብቀዋለን። የዶክተር ሄለን ስልክ በጠራ ቁጥር እናና ቀድማ "ደህና ነው ወይ?" ትላለች፤ ገና ነው ሲባል "ተመስገን" ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህን እብደት ነው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ልጆቻችሁን መንገድ ሲሻገሩ ባየሁ ቁጥር፣ የትም አገር ሁኑ፣ ቀስ በሉ ማለት ለምዶብኛል። ያ ልጅ የማናችሁ እንደሆነ አላውቅማ።

በቅርቡ ሌላ ካርቶን መጣ። ሎሚ አድጋ የድሮው ልክ ትንሽ ስለሆነባት አዲስ አነሷት፣ አዲስ ገነቡ፣ አዲስ አተሙ። የአሁኖቹ ጣቶች ረዘም ይላሉ። ማንም አልጮኸም፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው። ሎሚ ክንዷን አጠገባቸው አጋድማ ለካችና አየት አደረገችን።

"ያኛውም ልጅ አድጓል ማለት ነው" አለች።

"ይደግ" አለች እናና።